መቀሱን አስቀምጥ፣ ሚዶውን አንሳ

ግንቦት ላይ ሰቆጣ ውስጥ ፀጉራም ውሻ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቀኛል። ዘንድሮ የጠየቀኝ በቅርቡ ተመድቦ የመጣ ወጣት መምህር ነው። ከአዲስ አበባ ይዞት የመጣው ውሻ ጎፈራም ነው፤ አንገቱና ጭኑ ላይ ያለው ፀጉር ጣት ያሰጥማል። «ጋሼ፣ ሙቀቱ ሊገድልብኝ ነው፤ ልሸልተው?» አለኝ። መቀሱንም ይዞ ነበር የመጣው። ምክሩን የሰጡት ጎረቤቱ፣ ደጋ ላይ በግ ሲሸልቱ የኖሩ አባት ናቸው። «በግ ሲሸለት ይቀለዋል፤ ውሻን ምን ለየው?» ብለውታል።

ከእኒህ አባት ጋር በዚህ ነገር ስንከራከር ቆይተናል። ስለ በግ የሚናገሩትን ሁሉ እቀበላለሁ። በውሻ ግን አልስማማም፤ ወደፊትም አልስማማም። ባና የሚሠራበት የበግ ፀጉር ካልተሸለተ ዝም ብሎ ያድጋል። የውሻ ፀጉር ጊዜውን ጠብቆ ራሱ ይረግፋል። ደግሞም እንዲህ ያለው ውሻ ፀጉሩ ሁለት ነው፦ ላይኛው ረዥምና ሸካራ፣ ታችኛው እንደ ተባዘተ ጥጥ የለሰለሰ። ታችኛው የብርድ ልብሱ ነው፤ ለሰቆጣ የታኅሣሥ ሌሊት የሚያስፈልገው እሱ ነው። ላይኛው ደግሞ ፀሐይን ይመክታል። መቀስ ሁለቱን አይለይም፤ አብሮ ያነሳቸዋል። ቆዳው ለፀሐይ ይጋለጣል፣ ይቃጠላል፤ አንዳንዱ ውሻ ላይ ተመልሶ ሲበቅልም እዚህ ሳስቶ እዚያ ተጠቅጥቆ ይቀራል።

የተሸለተ ሁሉ ይቀለዋል የሚለውን ግመል ራሷ ታፈርሰዋለች። የአሞሌ ጨው ከአፋር ዝቅታ እስከ ሰቆጣ ገበያ ሲወጣ የኖረው በግመል፣ በበቅሎና በአህያ ጀርባ ነውና ለዚህ አገር ሰው ግመል እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ክኑት ሽሚት ኒልሰን የተባለው የኖርዌይ ተወላጅ ተመራማሪ በሰሃራ በረሃ የተሸለተችን ግመል ካልተሸለተች ጋር አስተያየ። የተሸለተችው በላብ ያጣችው ውሃ በግማሽ ያህል በልጦ ተገኘ። ግመል እንግዲህ የምታልበው ላብ አላት። ውሻ ከእግሩ መዳፍ በቀር ይህ ነው የሚባል ላብ የለውም። ሙቀቱን የሚያስወጣው በማለክለክ ነው፤ ትንፋሹ በረጠበው ምላስና አፍንጫ ላይ እያለፈ ውሃውን ያተንናል፣ ደሙም በዚያ ይቀዘቅዛል። ዝም ብሎ ሲተኛ በደቂቃ ከ20 እስከ 30 ጊዜ የሚተነፍስ ውሻ ሲያለከልክ ከ300 ያልፋል።

«ጥላ ውስጥ ሲሆንስ? ፀጉሩ ሙቀቱን አፍኖ አይይዝበትም?» ይሉኛል እኒህ አባት። እውነት ነው፤ ይይዝበታል። ፀጉር ሙቀት እንዳይገባ የሚከለክለውን ያህል እንዳይወጣም ይከለክላል። መፍትሔው ግን ሚዶ ነው። ሙቀቱ ሲገባ ታችኛው ፀጉር ይሞታል፣ ይነቀላል፣ ግን ከላይኛው ጋር ተጠላልፎ እዚያው ይቀራል። ውሻውን የሚያፍነው ይህ የሞተ ፀጉር ነው። እሱን አውጥተህ ላይኛውን ስትተውለት ጥላውም አብሮት ይቀራል፣ ነፋሱም ቆዳው ድረስ ይገባለታል።

አበጣጠሩን ወጣቱን አስቀምጬ አሳየሁት። ጥርሱ ሰፋ ያለ የእንጨት ሚዶ ያዝ። ከውሻው ፊት ሳይሆን ከጎኑ ተቀመጥ። ከጀርባው አትጀምር፤ ጀርባው ያታልላል፣ ሁለት ጊዜ አበጥረኸው ያለቀ ይመስልሃል። ከኋላ ጭኑ ጀምር። በግራ እጅህ ፀጉሩን ወደ ላይ ግለጥና ያዘው፣ ከሥር ነጩ የቆዳ መስመር እስኪታይህ ድረስ። ከዚያ መስመር ላይ አጠር አጠር እያደረግህ ወደ ታች ሳብ። ግራጫው ለስላሳ ፀጉር በእፍኝ በእፍኝ ይወጣል። መስመሩን አንድ ጣት ያህል ከፍ አድርገህ ድገመው። ከጆሮው ኋላና ከብብቱ ሥር የተቋጠረ ታገኛለህ፤ እሱን በጣትህ ፍታው እንጂ በሚዶ አትጎትተው፤ ያመዋል፣ ሁለተኛም አያስነካህም። ውሃ አስቀድመህ አታፍስስበት፤ የተቋጠረ ፀጉር ሲረጥብ ይጠብቃል። መዥገሩም የሚገኘው እዚሁ ነው፤ የሸለተ ሰው የማያየው የጆሮ እጥፋት ውስጥ ያለውን መዥገር ያበጠረ ሰው ያየዋል። መቀስ የምፈቅድለት አንድ ቦታ ቢኖር ሆዱ ሥር ነው፤ እዚያ የተቋጠረ ካለ ቁረጠውና ሆዱ ቀዝቃዛ አፈር እንዲነካ አድርግ።

ስለ አፈር ካነሳሁ፣ ውሻ ግድግዳ ሥር የሚቆፍረውን ጉድጓድ አትድፈኑ። ብዙ ቤት ግቢ አበላሸ ብለው ሲደፍኑበት አያለሁ። ውሻው ደረቁን አፈር አልፎ ርጥብና ቀዝቃዛውን እየፈለገ ነው፤ ፀጉሩ የሳሳ ሆዱን እዚያ ያሳርፋል። ከዚህ የተሻለ ማረፊያ ሠርቼለት አላውቅም። እኛ የምንሠራለት አብዛኛውን ጊዜ የቆርቆሮ ቤት ነው። እኩለ ቀን ላይ እጅህን አስገብተህ ሞክረው፤ ለእንጀራ ምጣድ ብቻ የሚሆን ሙቀት ነው ያለው። የአገራችን የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ቀን ሙሉ ሳይግል ይውላል፤ ለውሻውም በዚያው ድንጋይ ካብለትና ላዩን ሣር አልብሰው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ቀን አስሮ ማታ መልቀቅ ነው። ጠዋት ጥላ የነበረው ቦታ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ይሆናል፤ ጥላው ሲሸሽ ሰንሰለቱ ውሻውን አያስከትለውም። ማሰር ግድ ከሆነ አንገቱ ላይ ሰፋ ያለ ጠፍር ይሁን፣ ትንፋሹን እንዳያንቀው።

ውሃ በእኛ አገር በዋግ ቀላል ነገር አይደለም። እናቶች ጀሪካን ተሸክመው ከሩቅ በሚያመጡበት አገር ለውሻ ውሃ አፍስሱ ማለት ይከብዳል፤ ስለዚህ በትንሹ መሥራትን መማር አለብን። የተሰበረ እንስራ ታችኛው ክፍል ጥላ ውስጥ ሲቀመጥ ከፕላስቲክ ዕቃ የተሻለ የውሃ መጠጫ ነው፤ ሸክላው ውሃውን በላቡ ያቀዘቅዘዋል። የምታርሰውም ጀርባውን ሳይሆን ሆዱን፣ ብብቱን፣ የጭኑን ውስጥና መዳፉን ነው። የግንቦት አየራችን ደረቅ በመሆኑ ጥቂቱም ውሃ ፈጥኖ ይተናል፣ ይጠቅመዋልም።

ወደ አበርገሌና ዝቋላ ቆላ ከውሻ ጋር ለሚወርድ ሰው ደግሞ ሌላ ምክር አለኝ። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር ይበልጣል፤ የተከዜ ሸለቆ ከ1,200 በታች ይወርዳል። በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ሙቀት ይጨመራል። የደጋ ውሻ ይህን በአንድ ቀን አይለምደውም፤ አንድ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ጉዞው በሌሊት ይጀመር፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ዛፍ ሥር ይታረፍ።

ውሻ በሙቀት ሲመታ ምራቁ ይዝረከረካል፣ ይንገዳገዳል፣ ዓይኑ ይፈዛል። ይህን ያየ ሰው «አብዷል!» ይላል፤ ድንጋይም ይወረወራል። በዚህ የሚሞቱ ውሾች መኖራቸው ያንገበግበኛል። ነገር ግን የእብድ ውሻ በሽታ አገራችን ውስጥ ዛሬም ሰው ይገድላልና ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። ስለዚህ የማላውቀው ውሻ ከሆነ እጄን ወደ አፉ አላስጠጋም፤ ከሩቅ ሆዱ ላይ ውሃ እረጫለሁ፣ ሰዉን አርቄ ባለሙያ አስጠራለሁ። የራስህ፣ የተከተበና በፀሐይ ሲሮጥ ያየኸው ከሆነ ግን አትዘግይ። ጤነኛ ውሻ ሙቀቱ ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ነው፤ 41 ካለፈ ሞት አጠገቡ ነው። ወደ ክሊኒክ ከመሮጥህ በፊት ጥላ ውስጥ አስተኛውና አርሰው፣ በካርቶን አራግብለት። እርጥብ ጨርቅ አልብሰህ አትተወው፤ ጨርቁ ይሞቅና ያፍነዋል። ራሱን ሳያውቅ ውሃ በግድ አታጠጣው።

እኔ ያደግሁት ውሻ በማይነካበት ቤት ነው። ውሻ ፍየሉን ከጅብ ይጠብቃል፣ ትርፍራፊ ይጣልለታል፣ በእጅ ግን አይዳሰስም። አባቴ ውሻውን ይወደው ነበር፤ ሲነካው ግን አይቼ አላውቅም። መጀመሪያ ሚዶ ይዤ ውሻ አጠገብ ስቀመጥ ቤተሰቤ አዘነብኝ፤ «የሰው ሚዶ ለውሻ!» ተባለ። ለብቻው ሚዶ ገዛሁለት፣ ቀጠልሁ። ከብትና ፍየል በማከም ብዙ ዘመን አሳልፌአለሁ፤ ከብት ስይዝ ግን ሁልጊዜ የሆነ ነገር ልወጋ ወይም ላጠጣ ነው። ሚዶ ይዤ ስቀመጥ ከውሻው የምፈልገው ነገር የለም። በዚያ ሰዓት ነው የአንድን እንስሳ ቆዳ፣ ጠባሳውን፣ እብጠቱን፣ የትንፋሹን ፍጥነት በደንብ ማወቅ የተማርሁት። በሰሜኑ ጦርነት ዓመታት ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀለ ሰው ሰቆጣን ሲሞላ ባለቤቶቻቸውን ተከትለው የወጡ ውሾች ነበሩ። መድኃኒት በሌለበት ጊዜ እጄ ላይ የቀረው መሣሪያ ሚዶ ነበር፤ መዥገራቸውን ለቀምሁ፣ ቁስላቸውን አገኘሁ፣ አጠብሁ። ባለቤቶቹም አጠገቤ ተቀምጠው ስለተውት ቤት ያወሩኝ ነበር። ያን ጊዜ የሰማሁትን ሌላ ሥራ ላይ ሆኜ አልሰማውም ነበር።

መምህሩ አሁን በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ያበጥራል። ተማሪዎቹም የየቤታቸውን ውሻ ይዘው መምጣት ጀምረዋል። ለእነሱ ያልኋቸው፣ ሚዶው ከመነካቱ በፊት ውሻው ይከተብ ነው።