ሙታን የማይቀበሩበት ዓለም፦ ሐዘንና መሪነት በ«ዘ ዎኪንግ ዴድ»

የሥዕል ትረካ፣ በተለምዶ ኮሚክ የምንለው፣ በሥነ ጽሑፍ ሂሳችን ውስጥ እምብዛም ቦታ አይሰጠውም። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምመረምረው ሮበርት ከርክማን የደረሰውን፣ በመጀመሪያ ቶኒ ሙር ቀጥሎም ቻርሊ አድላርድ የሣሉትን «ዘ ዎኪንግ ዴድ» የተሰኘ ተከታታይ ሥራ ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2019 በ193 ቁጥሮች ታትሟል። መቼቱ ሙታን በድናቸው እየተንቀሳቀሰ ሕያዋንን የሚበሉበት፣ መንግሥትና ሕግ የፈረሱበት አሜሪካ ነው። ሆኖም የትረካው ጭብጥ ያለው በበድኖቹ ላይ ሳይሆን በተረፉት ሰዎች ላይ ነው። የማነሣው ጥያቄም ይህ ነው፦ ሙታን በወጉ በማይቀበሩበት ዓለም መሪነት ከምን ይመነጫል?

ጥያቄው ለምዕራብ ሸዋ አንባቢ ባዕድ አይደለም። በአምቦም ሆነ በጉደር፣ በግንጪም ሆነ በጌዶ ሰው ሲሞት ዕድር ድንኳን ይተክላል፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ሐዘንተኛው እርሙን እስኪያወጣ ብቻውን አይተውም። የዕድር ዳኛ ሥልጣኑን የሚያገኘው ከሐዘን ነው። ሐዘኑ ግን የእሱ ንብረት አይደለም፤ የቤተሰቡ ነው። የዳኛው ድርሻ ለለቅሶው ቦታና ጊዜ መስጠት፣ ኋላም ሐዘንተኛውን ወደ ሥራው መመለስ ነው።

የትረካው ዋና ገጸ ባሕርይ ሪክ ግራይምስ የተነፈገው ይህንኑ ነው። በ48ኛው ቁጥር ሚስቱ ሎሪና ጨቅላዋ ልጁ ጁዲት ሲገደሉ ከትልቁ ልጁ ከካርል ጋር ይሸሻል እንጂ አይቀብራቸውም። ከዚያ በኋላ በማይሠራ ስልክ ከሞተች ሚስቱ ጋር መነጋገር ይጀምራል። ይህን እብደት ብሎ ማለፍ ይቻል ይሆናል። በእኔ አመለካከት ግን ስልኩ ድንኳን ያጣ ለቅሶ ነው። ሪክ ምሥጢሩን ለሚሾን ሲገልጥ እሷም ከሞተ ወዳጇ ጋር እንደምትነጋገር ትነግረዋለች፤ ሁለቱ ሐዘንተኞች በዚያች ቅጽበት ባለ ሁለት አባል ዕድር ያቋቁማሉ ማለት ይቻላል። ለተከታዮቹ ግን ሪክ የሚያሳየው ቆራጥነቱን ብቻ ነው። የተደበቀው ሐዘንም ሌላ መውጫ ይፈልጋል፤ ትእዛዝና ቁጣ ሆኖ ይወጣል። እስክንድርያ በተባለው መጠለያ ሠፈር መሣሪያ አውጥቶ ነዋሪውን ሲያስፈራራ መትታ የምትጥለው ያቺው ምሥጢረኛው ሚሾን መሆኗ እንዲያው የሴራ አጋጣሚ አይመስለኝም።

የዚህን ተቃራኒ አደጋ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአምቦ አቅራቢያ ቦዳ የተወለደው ጸጋዬ ገብረ መድኅን በእንግሊዝኛ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ኦዳ ኦክ ኦራክል» ተውኔት ሙታኑ ዝም አይሉም፤ ቃል አቀባይ አላቸው። ሻንካ ኡኩቴን እንዲያገባና የበኩር ልጁን ለሙታኑ መሥዋዕት እንዲያደርግ ይታዘዛል። ልጅ እንዳይወለድ ብሎ ሚስቱን ባለመቅረቡ መከራው ከሌላ በኩል ይመጣል። በከርክማን ዓለም ለሙታን የሚናገርላቸው ሰው የለም፤ በጸጋዬ ዓለም ደግሞ የሚናገርላቸው በዝቶ ሕያዋኑ መተንፈሻ አጥተዋል። ሁለቱም ሥራዎች የጎደለባቸው መካከለኛው ቦታ፣ ማለትም ሐዘኑን ለባለቤቱ የሚተው መሪ ነው።

ከርክማን ወደዚህ ቦታ የሚጠጋው ዘግይቶ ነው። ማጊ ባሏ ግሌን በ100ኛው ቁጥር በኔገን እጅ ከተገደለ በኋላ ሒልቶፕ የተባለውን ሠፈር ትመራለች፤ የመሪነቷ ሥር ሁሉም የሚያውቀው ሐዘኗ ነው። በ167ኛው ቁጥር አንድሪያ ስትሞት ደግሞ ወዳጆቿ ተራ በተራ ገብተው ይሰናበቷታል። ሪክ በሰው ፊት ያለቅሳል፤ ስለዚህም አይናቅም። እዚህ ላይ ሠፈሩ የተራፊዎች ጥርቅም መሆኑ ቀርቶ ማኅበረሰብ ሆኗል።

ይህ ልዩነት ለእኛ የንድፈ ሐሳብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. በአምቦ በተነሣው ተቃውሞ ወጣቶች ተገድለዋል፤ በየዓመቱ ከምናስተምራቸው መካከል ወንድም ወይም ጓደኛ ያጡ ይኖራሉ። በሟች ስም መናገርና ለሐዘንተኛ ቦታ መስጠት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለመለየት ሥነ ጽሑፍ የተሻለ መማሪያ ነው ብዬ አምናለሁ።

የሥራው መጨረሻ በዚህ መለኪያ ሲመዘን ድካምም ብርታትም አለው። ሪክ ከተገደለ ከዓመታት በኋላ በሚካሄደው በ193ኛው ቁጥር ለሪክ ሐውልት ቆሞለታል። ሐውልት ሟችን ያከብራል፤ ነገር ግን እንደ ኦዳው ቃል አቀባይ፣ ባለ ሥልጣን የፈለገውን የሚያናግረው አፍም ሊሆን ይችላል። ደራሲው ይህን አደጋ አንሥቶ በበቂ ሁኔታ አልፈተሸውም። የመጨረሻው ትዕይንት ግን ካርል አንድሪያ ብሎ ለሰየማት ልጁ የአያቷን ታሪክ ሲያነብላት ያሳያል። ከሐውልቱ ይልቅ ሪክን በወጉ የቀበረው ይህ ንባብ ይመስለኛል። ተማሪዎቻችን የራሳችንን የለቅሶ ግጥሞች ይዘው በዚሁ ጥያቄ ቢገፉበት ገና ብዙ የሚገኝ ነገር አለ።