የውሰት አየር፣ የውሰት ድምፅ

የተማሪዎች ሬዲዮ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ወጣቶች ዘፈን እየመረጡ የሚያሰሙበትን፣ የግቢ ወሬ የሚያወሩበትን ጠባብ ክፍል ነው። ከዚህ ወጣ ያለ ሌላ ዓይነትም አለ። እዚህኛው ላይ የሚሰራጨው ዘፈንና ዜና ብቻ አይደለም፤ ድምፅ ራሱ ነው። የባቡር ፉጨት፣ የበር ሲጥታ፣ የሰው ትንፋሽ፣ ከኋላ ወደ ፊት የተገለበጠ የፒያኖ ምት አንድ ላይ ተሰፍተው እንደ ድርሰት ይቀርባሉ። ፈረንጆቹ ሳውንድ አርት ይሉታል፤ እኛ የድምፅ ጥበብ እንበለው።

ለመሆኑ እንዲህ ያለ ጣቢያ በምን ይመዘናል? በአድማጭ ብዛት እንዳንል አድማጩ ጥቂት ነው። በእንግዳነቱ እንዳንል ጆሮ ያልለመደውን ድምፅ ማውጣት ለማንም አይከብድም፤ ድስት መደብደብ ይበቃል። በዚህ ጸሐፊ እምነት መለኪያው ሌላ ነው። ጣቢያው የሚሠራበት ነገር ሁሉ፣ መሣሪያውም፣ ሰዓቱም፣ ሞገዱም፣ ድምፁም የውሰት ነው። እንግዲህ መጠየቅ ያለበት የተዋሰውን ምን አድርጎ መለሰው የሚለው ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ከካይሮ እንነሳ። በ1944 ሀሊም ኤል ዳብ የተባለ፣ ዕድሜው ከሃያ ብዙም ያላለፈ ግብፃዊ ወጣት ከአንድ የካይሮ ሬዲዮ ጣቢያ በብረት ሽቦ ላይ ድምፅ የሚቀዳ ከባድ መሣሪያ ተዋሰ። ተሸክሞት የሄደው ሴቶች የዛር ሥርዓት ወደሚያካሂዱበት ቦታ ነበር። ዛር ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ወደ ግብፅ የተሻገረው ከኢትዮጵያ አቅጣጫ ነው የሚሉ ሊቃውንት ብዙ ናቸው። ወጣቱ የቀዳውን ሽቦ ይዞ ወደ ጣቢያው ስቱዲዮ ተመለሰ። ድምፁን በማስተጋቢያ ክፍል እያሳለፈ ደጋግሞ ቀዳው። መነሻ ቃናውን ቀንሶ፣ ከላይ የሚንሳፈፈውን ረቂቅ ድምፅ ብቻ አስቀረ። ሥራውንም በዚያው ዓመት በካይሮ በአንድ የሥዕል ማሳያ አዳራሽ አሰማ። የዚህ ጥበብ አባት እየተባለ የሚጠቀሰው ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር የባቡር ድምፅ የተቀናበረበትን ሥራውን በፓሪስ ሬዲዮ ያሰራጨው በ1948፣ ማለትም ከአራት ዓመት በኋላ ነው።

ከኤል ዳብ ሥራ ዛሬ በሲዲ የሚገኘው ሁለት ደቂቃ ያህል የሚሆን ቁራጭ ነው። ሲያዳምጡት ተለይቶ የሚያዝ ቃል የለም። የሴቶቹ ድምፅ ከግድግዳ ወዲያ እንደሚመጣ ሆኖ ይሰማል፤ ሰውነቱ ቀርቶ ጥላው ብቻ የመጣ ይመስላል። ሥራው ውብ ነው። ይሁንና ውበቱ አንድ ጥያቄ ያስከትላል። መሣሪያው ለሬዲዮ ጣቢያው ተመልሷል፤ የሴቶቹ ድምፅስ ለማን ተመለሰ? ስማቸውን ቁራጩ አይነግረንም። የድምፅ ጥበብ ገና ሲወለድ ይህን ዕዳ ይዞ ነው የተወለደው።

አሁን ወደ ኒው ዮርክ እንሻገር፤ ኤል ዳብም ኋላ የተሻገረው ወደዚያው ነውና። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ለሬዲዮ ሰዎች ባለውለታ ግቢ ነው። የኤፍ ኤም ስርጭትን የፈለሰፈው ኤድዊን አርምስትሮንግ በመጀመሪያ ተማሪ፣ በኋላም ፕሮፌሰር የነበረው እዚያ ነው። ተማሪዎች የሚያካሂዱት ጣቢያ ደብሊው ኬ ሲ አርም ታሪኩን ከ1941 ጀምሮ ይቆጥራል። በ1951 የዩኒቨርሲቲው የሙዚቃ ትምህርት ክፍል ኮንሰርቶችን መቅጃ የሚሆን አንድ የአምፔክስ ቴፕ ገዛ። ቴፑን እንዲጠብቅ የተሰጠው መምህሩ ቭላዲሚር ኡሳቼቭስኪ ግን መቅጃውን የሙዚቃ መሣሪያ አደረገው። በዚህ ሥራ የረዳው ፒተር ሞዚ የተባለ፣ በተማሪዎቹ ሬዲዮ ጣቢያ ይሠራ የነበረ የምህንድስና ተማሪ ነው። ሞዚ ድምፅን እየመላለሰ የገደል ማሚቶ የሚፈጥር መሣሪያ ሠራለት። ውጤቱም በግንቦት 1952 ማክሚሊን በተባለው የዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ለሕዝብ ተሰማ።

በዚያው አዳራሽ ከአንድ ዓመት በፊት ጆን ኬጅ አሥራ ሁለት ሬዲዮኖችን እንደ ኦርኬስትራ ደርድሮ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሰው መድቦ ነበር፤ አንዱ ሞገድ ይቀይራል፣ ሌላው ድምፅ ይጨምራል ይቀንሳል። ዝግጅቱ ሲጀመር እጅግ መሽቶ ስለነበረ ብዙዎቹ ጣቢያዎች ዘግተው ሄደዋል። ሬዲዮኖቹ ያገኙት የሚበልጠውን ሹክሹክታና ዝምታ ነው። ያን ምሽት እንደ ክሽፈት የሚቆጥሩት አሉ። እኔ ግን ትልቅ ትምህርት አድርጌ እወስደዋለሁ። ከሬዲዮ የሚወጣው ድምፅ ማዶ አንድ ሰው ተራውን ጠብቆ በመቀመጡ ብቻ የሚገኝ ነገር መሆኑን ከዚያ በላይ የሚያሳይ የለም።

የተማሪዎች የድምፅ ጥበብ ጣቢያን የማካሄድ ሥራ ዋናው ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ከውጭ ሲታይ ነፃነት ብቻ ይመስላል፤ ከውስጥ ግን ግዴታ ነው። በአሜሪካ ሕግ ጣቢያው በየሰዓቱ መጠሪያውንና ከተማውን መናገር አለበት። የሌሊቱ ተረኛ ቢያንቀላፋ አየሩ ባዶ ይሆናል። በሌላው ጣቢያ ዝምታ ብልሽት ነው፤ በዚህኛው ጣቢያ ዝምታ የድርሰቱ አካል ሊሆን ይችላል። ታዲያ አድማጩ ብልሽቱን ከድርሰቱ የሚለየው በምንድን ነው? ከዝምታው በፊት በተነገረው አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው። የማን ሥራ ነው፣ መቼ ተቀዳ፣ ምን ያህል ይቆያል። በዚህች ዓረፍተ ነገር ላይ የማይሰስት ጣቢያ አድማጩን ያከብራል።

በግቢ ጣቢያዎች የሚታየው ዋነኛ ድካም ይህችን ዓረፍተ ነገር መናቅ ነው። ሥራው ያለ ስም ይጀምራል፣ ያለ ስም ያልቃል፤ አቅራቢው ከጓደኞቹ ጋር ብቻ የሚነጋገር ይመስላል። ጥበቡን ምሥጢራዊ ያደረገ ይመስለዋል። በውጤቱ ግን የሰው ድምፅ ተውሶ የራሱ አስመስሎታል። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይኼ ነው።

ከዚህ በተቃራኒ የሚቆም ምሳሌ እዚያው ደብሊው ኬ ሲ አር ውስጥ ይገኛል። ፊል ሻፕ በ1970 ተማሪ ሳለ ጀምሮ በ2021 እስኪሞት ድረስ እዚያ ጣቢያ ጃዝ አሰምቷል። አንድን የቻርሊ ፓርከር ቅጂ ከማሰማቱ በፊት ወይም ካሰማ በኋላ ስለ ቀኑ፣ ስለ ክፍሉ፣ ስለ ከበሮ መቺው እጅግ አስረዝሞ በማውራቱ የታወቀ ነበር። ዘፈኑን ለመስማት የቸኮሉ አድማጮች ይማረሩበት ነበር። አዎን፣ ያበዛው ነበር። ቢሆንም ቅሉ ከሁለቱ ጥፋቶች አንዱን ምረጥ ብባል የሻፕን ማብዛት እመርጣለሁ። ከኋላ ተቀምጦ ከበሮ የመታን ሰው ስም ለማንሳት ደቂቃ የሚያባክን አቅራቢ ዕዳውን ያውቃል። ጣቢያው ነሐሴ 29 የፓርከርን ልደት ሌሊትና ቀን ሙሉ በሥራዎቹ የሚያከብረውም ከዚሁ መንፈስ ነው። ተማሪ በአራት ዓመት ይመረቃል፤ ልማዱን ግን ለሚቀጥለው ተረኛ አስረክቦ ይሄዳል።

በውሰት የሚኖር ደግሞ ባለቤቱ ሲጠይቅ ማስረከብ አለበት። የሞገዱ ፈቃድ በብዙ ቦታ የተያዘው በዩኒቨርሲቲው ስም እንጂ በተማሪዎቹ ስም አይደለም። በሰው ወርቅ አይደምቁ እንዲሉ፣ በ2011 ሦስት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን አሳይተዋል። የሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ ሞገዱን በ3.75 ሚሊዮን ዶላር ለመሸጥ ተስማምቶ በጥር ወር ስርጭቱን በድንገት አቋረጠ። በሂውስተን ያለው ራይስ ዩኒቨርሲቲ በ9.5 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። በናሽቪል የሚገኘው ቫንደርቢልት ደግሞ የተማሪዎቹን ሞገድ በ3.35 ሚሊዮን ዶላር ለማስረከብ ተዋዋለ። ሦስቱም ጣቢያዎች ሌላ ቦታ የማይሰማ ሙዚቃ የሚሰማባቸው ነበሩ። በሦስቱም ሞገዶች ላይ የተተካው ክላሲካል ሙዚቃ ነው። ክላሲካል ሙዚቃን የምንወቅስበት ምክንያት የለም። ነገር ግን ዓለም ሁሉ የሚያውቀውን ታላቅ ሙዚቃ ለማሰማት ሲባል ገና ስም ያልወጣለትን ድምፅ ማጥፋት ትርፉ የሚያጠያይቅ ንግድ ነው። ተማሪዎቹም አድማጮቹም ተቃውመዋል፤ ፊርማ አሰባስበዋል፤ ሽያጩን ግን አላስቀሩም። የራይሶቹ በ2015 በአነስተኛ ኃይል ማሰራጫ ወደ ኤፍ ኤም ተመልሰዋል።

እንዲህ ያለው ጣቢያ ለከተማ ምን ይጠቅማል ለሚል ሰው የኮሎምቢያው ጣቢያ ሌላ መልስ አለው። በመስከረም 2001 የንግድ ማዕከሉ ሕንፃዎች ሲፈርሱ አንቴናው አብሮ ወደቀ፤ ጣቢያው ግን አልሞተም። በሚያዝያ 2024 በግቢው የተማሪዎች ተቃውሞ ተቀስቅሶ ፖሊስ ሲገባ፣ እነዚያው ሙዚቃ ያሰሙ የነበሩ ተማሪዎች ፕሮግራማቸውን አቋርጠው የሚያዩትንና የሚሰሙትን በቀጥታ ዘገቡ። ከግቢው ውጭ ያለ ብዙ ሰው በዚያች ሌሊት ጆሮውን የጣለው በእነርሱ ላይ ነው። ድምፅን ከድምፅ ለይቶ መስማት የተማረ ጆሮ በሁከት ሰዓትም አገልግሎቱን ይሰጣል። የተዋሱትን አየር ከመለሱበት መንገድ አንዱ ይህ ነው።

ወደ ኤል ዳብ እንመለስ። በ1959 በኮሎምቢያና በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዎች የጋራ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ተቋቋመ፤ ኤል ዳብም እዚያ ገብቶ ሠራ። «ላይላና ገጣሚው» የተባለው ሥራው የዚያ ዘመን ፍሬ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ሌላ ስቱዲዮ ሄደ ብለን ብንጠብቅ፣ የሄደው ወደ አዲስ አበባ ነው። ከ1962 እስከ 1964 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በ1963ም ኋላ ተስፋዬ ለማ ለረጅም ጊዜ የመራውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። ክራሩ፣ መሰንቆው፣ ዋሽንቱ፣ በገናው፣ ከበሮው በአንድ መድረክ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ይህን እንደ ዕዳ ክፍያ አስቦት እንደሆነ አልናገርም። ሁለቱን ሥራዎች ጎን ለጎን አድርጎ ለሚሰማ ግን ልዩነቱ ግልጽ ነው። በካይሮ ድምፁን ወስዶ ሴቶቹን እዚያው ትቷቸዋል። በአዲስ አበባ ግን ባለድምፆቹ ራሳቸው መድረክ ላይ ወጥተው ታይተዋል። ያንንም ያደረገው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው።

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የማኅበረሰብ ሬዲዮ ማቋቋም ከጀመሩ ቆይተዋል። ከነዚህ በአንዱ ውስጥ አንድ ተማሪ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለውን፣ ማንም የማይፈልገውን ሰዓት ለምኖ ቢያገኝና የወፍጮ ቤትን ድምፅ፣ የአውቶቡስ ተራን ጥሪ፣ የአያቱን እንጉርጉሮ ቀድቶ ቢያቀናብር የሚከለክለው የመሣሪያ እጦት አይሆንም፤ መቅጃው ዛሬ በኪሱ ባለው ስልክ ውስጥ አለ። ቅንብሩ ሲያልቅ ግን የአያቱን ስም ይጥራ።