ድምፁ ከወዴት ላይ ቀረ?

በአበርገሌ ቆላ፣ በኒሯቅ ከተማ፣ ኮምፒውተር ስጠግን ከደጄ የሚደርሰው አቤቱታ ብዙውን ጊዜ «ዝም አለ» የሚል ነው፤ ቃሉ አጭር ይሁን እንጂ የዝምታው ምክንያት ብዙ ነው። ድምፅ በኮምፒውተር ውስጥ መንገደኛ ነውና፣ በቁጥር ከተጻፈበት ፋይል ተነሥቶ፣ ድራይቨር በሚባለው ትርጁማን እየተመራ ወደ ድምፅ ካርዱ ይደርሳል፤ በዚያም ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ ተለውጦ፣ በገመዱ አልፎ፣ የስፒከሩን ሽፋን እያርገበገበ ከጆሮ ይገባል። የጠጋኝ ጥበብ ሁሉ መንገደኛው ከወዴት ላይ እንደ ቀረ ማወቅ ነው።

ይህን ያስተማሩኝ አንድ የዜማ መምህር ናቸው። ደቀ መዛሙርታቸው ያዜሙትን ቀድተው የሚያዳምጡበት ኮምፒውተር ዝም ቢልባቸው ወደ እኔ አመጡት፤ እኔም በጕብዝና ትምክሕት ከላይ ጀምሬ፣ ድራይቨሩን አጥፍቼ መልሼ ጫንሁ፣ እንቢ ቢለኝ ዊንዶውሱን አፍርሼ እንደ ገና ስተክል መብራት ሄደብኝ። የቀዱትን ዜማ አስቀድሜ በፍላሽ ባላወጣ ኖሮ ጠፍቶ ነበር። በማግሥቱ ያገኘሁት ነውር ግን ከአረንጓዴው ቀዳዳ መሰካት የሚገባው የስፒከር ገመድ በማይክሮፎኑ ሮዝ ቀዳዳ መሰካቱ ብቻ ነበር። አፍሬ ስነግራቸው፣ «ልጄ፣ ቅዱስ ያሬድ ዛፍ ስትወጣ ያያት ትል ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው የወጣችው ሁልጊዜ ከግንዱ ሥር ጀምራ ነው» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ሥርዓቴ ከታች ወደ ላይ ሆነ። አስቀድሜ የድምፁን መጠን በስፒከሩም በስክሪኑም እመረምራለሁ፤ ቀጥዬ ገመዱን ነቅዬ፣ የቆላው አቧራ የሞላውን ቀዳዳ በለስላሳ ብሩሽ ጠርጌ እሰካለሁ። ከዚያ የጆሮ ማዳመጫ አስገባለሁ፤ በእርሱ ከተሰማ ሕመሙ በስፒከሩ ወይም በገመዱ ነው። ስክሪኑ በኤችዲኤምአይ ገመድ የተያያዘ እንደ ሆነም፣ ድምፁ ስፒከር ወደሌለው ስክሪን ሄዶ እንደ ሆነ የድምፅ መውጫውን ምርጫ አያለሁ። ድምፁ ሳይጠፋ ወፍራም ጕምጕምታ ቢከተለው፣ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለሰውን የመብራት ኃይል እጠረጥራለሁ፤ ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ስነቅል ጕምጕምታው ከቆመ ምንጩ ታወቀ። ወደ ድራይቨሩ የምወጣው ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ኮምፒውተርህ ዝም ባለ ጊዜ፣ ዊንዶውሱን ከማፍረስህ አስቀድሞ ገመዱ ከየትኛው ቀዳዳ እንደ ተሰካ ጐንበስ ብለህ እይ።