ኮልፌ የሠለጠነው ማንዴላና በልብ የሚያድር የዘር ንቀት

ኔልሰን ማንዴላ በ1962 እ.ኤ.አ. ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በኮልፌ የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር የጦር ትምህርት ተምሯል። በ1994 እ.ኤ.አ. በታተመው የሕይወት ታሪኩ፣ በመጣበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ላይ አብራሪው ጥቁር መሆኑን ሲያይ መደንገጡን ይናዘዛል። የመጽሐፉ ብርታት እዚህ ላይ ነው፤ የዘር ንቀት በሕግ ብቻ ሳይሆን በተናቀው ሰው ልብም እንደሚያድር ያስረዳልና።

እኛ ግን ይህን ምዕራፍ የምናነበው ለኩራት ብቻ ነው፤ አውሮፕላኑም ሰፈሩም የእኛ ነበሩና። ነገር ግን ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ቢከለከልም «ባሪያ» የሚለው ስድብ ከአፋችን አልጠፋም። ከጋምቤላ የመጣውን ወገናችንንም መልኩን አይተን «የየት አገር ሰው ነህ?» እንለዋለን። ጠያቂው ክፋት አላሰበም ይባላል፤ ማንዴላም ሲደነግጥ ክፋት አላሰበም። መጽሐፉን በሚገባ አነበብነው የምንለው የእርሱን ድንጋጤ በራሳችን ጥያቄ ውስጥ ስናገኘው ነው።