ውኃው በየት ይውጣ? የዋግ ቤት ከውጭ ሲመዘን

አዲስ የተለሰነ ግድግዳ ሁሉ ያምራል። በምርቃቱ ዕለት ጠላ እየጠጡ «እጁ ይባረክ» ማለት ቀላል ነው፤ ሥራው የሚለየው ግን በሐምሌ ነው። ዋግ ውስጥ፣ ሰቆጣ ደጋው ላይም ሆነ ወደ ተከዜ ቁልቁል ወርዶ ሰሃላ ቆላ ውስጥ፣ ቤት የሚፈተነው በሁለት ነገር ነው። አንዱ አብዛኛውን ዓመት ያለ ዕረፍት የሚያነደው ፀሐይ ሲሆን፣ ሌላው በአጭሩ ክረምት ተጠራቅሞ ባንድ ጊዜ የሚዘረገፈው ዝናብ ነው። ፀሐይ ይሰነጥቃል፤ ዝናብ በስንጥቁ ይገባል። ጥሩ ሠሪ ውኃ ጨርሶ እንዳይገባ እከለክላለሁ ብሎ አይፎክርም፤ የገባው በየት እንደሚወጣ ያውቃል።

እኔ ቤት ሳይ ከእግሩ እጀምራለሁ። ሰው ሁሉ ቀና ብሎ በሩንና ቀለሙን ያያል፤ በሽታው ያለው ግን ከመሬት እስከ ጉልበት ባለው ከፍታ ላይ ነው። የአካባቢው የቆዩ ቤቶች ድንጋይ በጭቃ ተያይዞ የተሠሩ ናቸው። ድንጋዩን ዝናብ አይጎዳውም፤ የሚታጠበው በመካከሉ ያለው ጭቃ ነው። ከጣሪያው የሚወርደው ጠብታ መሬት መትቶ መልሶ ግድግዳውን ሲረጨው፣ ምርጊቱ ከሥሩ ይበላና ድንጋዩ ጥርሱን ያወጣል። ስለዚህ የግድግዳው እግር ዙሪያ ጠጠር ተነጥፏል ወይ? መሬቱስ ከቤቱ ወደ ውጭ ያዘቀዝቃል ወይስ ወደ ቤቱ? ከቤቱ በላይ በኩል ጎርፉን የሚያዞር ቦይ ተቆፍሯል? ይህ ከሌለ ሌላውን ማየት ድካም ነው።

እግሩ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካየህ ደግሞ ቆም በል። ርጥበት ከመሬት ጨው ይዞ በግድግዳው ውስጥ ይወጣል፤ ፀሐዩ ውኃውን ሲያተን ጨው እዚያው ይቀራል፣ እያበጠም የልስኑን ገጽ ይፈረፍረዋል። ምጽዋ ላይ የቆዩትን የዛጎል ድንጋይ ቤቶች የሚያስቸግረው የባሕር ጨው በነፋስም ይመጣል፤ እኛ ጋ ከታች ይወጣል። (ሰቆጣ ለዘመናት የአሞሌ ጨው ገበያ ነበረችና ከጨው ጋር የቆየ ትውውቅ አላት። ግድግዳ ውስጥ የገባውን ግን የሚገዛ የለም።) ዱቄቱን ጠርጎ ቀለም የሚደርብ ሠሪ ካጋጠመህ ሒሳቡን ዘግተህ አሰናብተው።

ግንቡን ለማየት ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። መጋጠሚያዎቹ አንዱ በሌላው ላይ ቀጥ ብለው ከተደረደሩ ይሰነጠቃል። የላይኛው ድንጋይ የታችኞቹን ሁለት መንከስ አለበት፤ በየመሐሉም ከውጭ እስከ ውስጥ የሚዘልቅ ረጅም ድንጋይ ያስፈልጋል፤ አለዚያ የውጩና የውስጡ ግንብ ተለያይቶ ሆዱን ይነፋል።

ሙያ የሚታየው ጭቃው ላይ ነው። ሰቆጣ አቅራቢያ አንዲት አሮጊት ሲያስለስኑ ቆሜ አይቻለሁ። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ቀናት ያስቆጠረ ነው፤ ጭዱ ለስልሶ ሽታው ተለውጧል። ወጣቱ ሠራተኛ ቸኩሏል። «እማማ፣ ፀሐይ ሳለ እንጀምር» አላቸው። እሳቸው ከጭቃው ዘግነው በመዳፋቸው አውራ ጣት አሳክለው አድቦለቦሉትና ከእጃቸው ጠርዝ ላይ ጫፉን አንጠለጠሉት። ወዲያው ቢበጠስ አሸዋው በዝቷል ማለት ነው፤ ሳይበጠስ ተንጠለጠለ። ቀጥለው ትናንት ፀሐይ ላይ ያሰጡትን ቁራሽ አነሡ። እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ነበረበት። «ጭድ ጨምር፣ ልጄ። ፀሐይ ደግሞ ጠላትህ ነው፤ ጥላ ጠብቅ» አሉት።

ነገሩ እሳቸው እንዳሉት ነው። ልስን ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት፤ ቆዳው ቀድሞ ከደረቀ ውስጡ ሲሸማቀቅ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ምዕራብ ያየው ግድግዳ ጠዋት፣ ምሥራቅ ያየው ከሰዓት ይለሰናል። ባንድ ጊዜ ወፍራም አድርጎ ከመለጠፍ ሁለት ሦስት ስስ ድርብ ይሻላል፤ የታችኛው ገጽ ሻካራ ሆኖ ይቀራል፣ የላይኛውም ይነክሰዋል። ማሳረጊያው እበት የተቀላቀለበት ስስ ልስን ነው። ይህን ሁሉ በጣት ታውቀዋለህ፦ ጥፍርህን ስትስብበት ዱቄቱ የሚራገፍ ከሆነ ተቸኩሏል፤ ጭረት ብቻ ከቀረ ደኅና ነው።

አሁን ፋሽኑ ሲሚንቶ ነው። ልጅ ከከተማ ገንዘብ ይልካል፣ የአባት ቤት በሲሚንቶ ይለሰናል፣ ጎረቤት ይቀናል። በጭቃ በተያያዘ ግንብ ላይ ግን ሲሚንቶ ሲለጠፍ እጠራጠራለሁ። ጭቃው በርጥበትና በሙቀት ይላወሳል፣ ሲሚንቶው ግትር ነው፤ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ዝናብ መውጫ ያጣና ውስጡን ጭቃ ያደርገዋል። በጣትህ አንጓ አንኳኳው፤ ባዶ ቅል እንደመምታት የሚያስተጋባ ከሆነ ሽፋኑ ከግንቡ ተላቅቋል።

ላሊበላ ላይ የሆነውም ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የዝናብ ስርገት ለማስቆም ሲባል ከአለት የተፈለፈሉት አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ሬንጅ ተቀብተው ቀይ ቀለም ተደርቦባቸው ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ በመራው ጥገና ያንኑ ሽፋን መፋቅ አስፈለገ። ለመከለል የተቀባው ርጥበቱን አፍኖ ነበርና። በ2000 ዓ.ም. ገደማ የተተከሉት ግዙፍ መጠለያዎችም ብዙ ቅሬታ አለባቸው፣ ሐሳባቸው ግን ቢያንስ ከድንጋዩ ቆዳ ላይ እጁን ያነሳል። ጥላ የሚሠራውን ሥራ ማየት የፈለገ የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ይመልከት፤ በዋሻ ውስጥ በእንጨትና ነጭ በተለሰነ ድንጋይ ድርብርብ የተሠራው ግድግዳ በመቶ የሚቆጠሩ ዓመታትን የተሻገረው ዝናብና ፀሐይ ስላላገኙት ጭምር ነው።

ለእኛ ዋሻው የጣሪያ ጠርዝ ነው። ቆርቆሮው ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ክንድ ወጣ ይበል፤ ገላጣ ቦታ ላይ ከዚያ ከበዛ ነፋስ ያነሳዋል፣ ስለዚህ ጠርዙ ከማገሩ ጋር በደንብ ይታሰር። ቆርቆሮ ስትገዛ የጌጅ ቁጥሩ በጨመረ መጠን እንደሚሳሳ አትርሳ፤ ርካሹ ብዙ ጊዜ ትልቁ ቁጥር ነው። ከዚያ መሰላል አምጣና ሚስማሮቹን ከመቁጠር ይልቅ አቀማመጣቸውን እይ። በቆርቆሮው ጉብታ ላይ፣ ከነጎማቸው መመታት አለባቸው፤ ውኃ በሚሄድበት ቦይ ውስጥ የተመታ ሚስማር ለነገው ክረምት የተበሳ ቀዳዳ ነው። መደራረቢያው ነፋሱ ከሚመጣበት በተቃራኒ ይዙር። የቆላ ቀን ቆርቆሮውን ይለጥጠዋል፣ ሌሊቱ ይሰበስበዋል፤ በዚህ እንቅስቃሴ ሚስማር ይላላልና ከሰኔ በፊት መልሶ ማጥበቅ የቤቱ ባለቤት ድርሻ ነው። አሸንዳ ከተደረገ ደግሞ መጨረሻውን ተከተል። ግማሹ ሠሪ አሸንዳውን አሳምሮ ውኃውን ማዕዘኑ ሥር ይጥለዋል።

ሰሃላ ቆላ ውስጥ ለምዕራቡ ግድግዳ ዳስ ወይም ዛፍ ካለው ቤት የበለጠ የሚያስቀና የለም። ከሰዓት በኋላ ያንን ግድግዳ በመዳፍህ ንካው፤ ልዩነቱን ታገኘዋለህ።

ክፍያውን በተመለከተ፦ ከተስማማችሁበት ላይ ጥቂቱን እስከ መጀመሪያው ከባድ ዝናብ አቆየው፣ ይህንንም ሥራው ሳይጀመር በሽማግሌ ፊት ተነጋገሩበት። በሙያው የሚተማመን ሰው አይከፋውም። ዝናቡ ባባራ በሰዓቱ ግድም አብራችሁ ዙሩ፤ ከግድግዳው ቶሎ ያልደረቀው የትኛው ቦታ እንደሆነ እሱ ራሱ ካንተ ቀድሞ ያሳይሃል።