የመያዣው ችግር ተቃለለ፤ የወለዱስ?

ሙያ ያለው ሰው ለምን ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ መነሻ ገንዘብ አጥቶ ነው። ልብስ ሰፊው መኪና፣ እንጨት ሠሪው መጋዝ፣ እንጀራ ጋጋሪዋ ምጣድ ትፈልጋለች። ባንክ ደግሞ ቤት ወይም ተሽከርካሪ በመያዣነት ካልቀረበለት ገንዘቡን አያወጣም። ቤት ያለው ሰው ተበድሮ ሁለተኛ ቤት ሲሠራ፣ ድሃው እጁን አጣጥፎ ይመለከታል።

በሀገራችን የክልል መንግሥታት ለዚህ ችግር ያበጁት መፍትሔ የሚናቅ አይደለም። የማይክሮ ፋይናንስን ሥራ በሕግ የፈቀደው አዋጅ ቁጥር 40/1988 ከወጣ በኋላ፣ በክልሎች የሚደገፉ የብድርና ቁጠባ ተቋማት እስከ ገጠር ቀበሌ ድረስ ዘልቀዋል። የአማራው ተቋም ዛሬ ፀደይ ባንክ፣ የኦሮሚያው ሲንቄ ባንክ፣ የደቡቡ ኦሞ ባንክ ሆኗል። እነዚህ ተቋማት ቤት የሌለውን ሰው «ሂድ» አላሉትም። ጎረቤታሞች በቡድን ተደራጅተው አንዱ ለሌላው ዋስ እንዲሆን አደረጉ። ይህ ለሙስሊሙ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በፊቅህ ኪታቦች «ከፋላ» ተብሎ የሚታወቀው ዋስትና ነው። ስለዚህ ሊመሰገን የሚገባውን ማመስገን ፍትሕ ነው።

ነገር ግን ብድሩ የሚሰጠው በወለድ ነው። ሪባ በቁርኣን በግልጽ እርም የተደረገ መሆኑን የሚያውቅ ሙእሚን እዚህ ላይ ሲደርስ እግሩ ይታሰራል። ከዚያ በኋላ ሦስት መንገዶች ይቀሩታል። ወይ እያወቀ ይገባበታል፤ ወይ ሥራውን ይተዋል፤ ወይም የባሰውን መርጦ በጨለማ ወደ አራጣ አበዳሪ ይሄዳል። ለሁሉም ዜጋ የታሰበ ፕሮግራም ከዜጎቹ መካከል ብዙዎቹን በደጅ የሚያስቀር ከሆነ፣ ለሁሉም ነው ሊባል አይችልም።

በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 995/2009 የተቋቋመው የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ጥሩ ማስረጃ ነው። 10 ቢሊዮን ብር የተመደበለት ይህ ፈንድ ትርፍ ከሚጠብቅ ባለሀብት የመጣ ሳይሆን የሕዝብ ገንዘብ ነበር። ግብሩን ሙስሊሙም ከፍሏል። ይህን የመሰለ ገንዘብ የአገልግሎቱን ትክክለኛ ወጪ ብቻ በመጠየቅ በቀርድ ሐሰን መልክ ማበደር ይቻል ነበር። ሆኖም በወለድ በሚሠሩት በእነዚያው ተቋማት በኩል ስለተሰጠ፣ ወጣቱ በራሱ ገንዘብ ፊት ባይተዋር ሆነ።

«ታዲያ ከወለድ ነፃ ባንክ አለ አይደለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ አለ። ብሔራዊ ባንክ በ2004 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ባንኮች ከወለድ ነፃ መስኮት እንዲከፍቱ ፈቀደ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ እንዲቋቋም ፈቀደ፤ ዘምዘም ባንክም በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ይህ ትልቅ ኒዕማ ነው። ይሁን እንጂ ባንክ ባንክ ነውና መያዣ ይጠይቃል። እንግዲህ ነገሩን አስተውሉት። በአንደኛው በር መያዣ አይጠየቅም፣ ወለድ ግን አለ። በሁለተኛው በር ወለድ የለም፣ መያዣ ግን ይጠየቃል። ቤት የሌለው ሙስሊም ባለሙያ በሁለቱ በሮች መካከል ቆሟል።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም፤ ግማሹ በእጃችን አለ። ከዓመታት በፊት በክልሎች የተቋቋሙት እንደ ዋልያና ኦሮሚያ ያሉ የካፒታል ዕቃ ኪራይ ድርጅቶች ለተበዳሪው ብር አይቆጥሩለትም፤ ማሽኑን ራሱን ገዝተው ይሰጡታል። አጥንቱ ለኢጃራና ለሙራበሓ የቀረበ አሠራር ነው። የኪራዩ ሂሳብ በወለድ ሲሰላ ግን ሥጋው ይበላሻል። ይህን ማስተካከል ከባድ ነውን? ተቋሙ የልብስ ስፌት መኪናውን በ42 ሺህ ብር ገዝቶ፣ በእጁ ካስገባ በኋላ፣ ዋጋውንና ትርፉን በግልጽ ነግሮ ለሰፊው በ48 ሺህ ብር በዱቤ ይሽጥለት፤ ሰፊውም በየወሩ 2 ሺህ ብር እየከፈለ በ24 ወር ይጨርስ። ጎረቤቶቹም በቡድን ዋስ ይሁኑት። ዋጋው አንዴ ከተቆረጠ በኋላ ሰፊው ቢዘገይም አይጨምርም።

አንዳንዱ «ስሙ ተቀየረ እንጂ ያው ወለድ ነው» ይላል። ተቋሙ ዕቃውን ሳይገዛ ብር ቆጥሮ ሰጥቶ በወረቀት ላይ ብቻ «ሽያጭ» ብሎ ከጻፈ፣ ትችቱ ትክክል ነው፤ ስምን መቀየር ሐራሙን ሐላል አያደርገውም። ዕቃውን በእርግጥ ገዝቶ፣ እስኪሸጠው ድረስ የመሰበሩንና የመጥፋቱን ኃላፊነት በራሱ ላይ ከወሰደ ግን ነጋዴ ሆነ ማለት ነው። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ደግሞ አዲስ ሙከራ አይደለም። የሶማሌ ክልል የማይክሮ ፋይናንስ ተቋም ከወለድ ነፃ በሆነ መንገድ ሠርቶ፣ ኋላ ሸበሌ ባንክ ሆኗል። በአንድ ክልል የተቻለ በሌላው የማይቻልበት ምክንያት አይታየንም። የምንጠይቀው ልዩ ስጦታ ሳይሆን አማራጭ ነው፤ የፈለገ በወለዱ መስኮት፣ ያልፈለገ በሌላው ይስተናገድ።

ወቀሳው ግን ለመንግሥት ብቻ አይደለም። እኛ ኡስታዞች «ወለድ ሐራም ነው» ብለን ከሚንበር ስንወርድ፣ ልብስ ሰፊው ነገ በምን ይሥራ የሚለውን እንመልስለታለን? ባለሀብቶቻችንስ ከጎረቤታቸው ልጅ ጋር በሙዷረባ መሥራትን ስንቶቹ ሞክረዋል? የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ የሱረቱል በቀራህ 282ኛው ነው፤ የሚናገረውም ዕዳን ስለ መጻፍና ስለ ምስክር ነው። ከእርሱ ሁለት አንቀጽ ቀደም ብሎ ደግሞ ለተቸገረ ባለዕዳ ጊዜ መስጠት ታዟል። ዲናችን የሚከለክለውን ብቻ ሳይሆን የሚፈቅደውን መንገድም በዝርዝር አስተምሯል። እኛም ክልከላውን ስናስተምር የተፈቀደውን መንገድ አብረን ማስተማርና መክፈት ይገባናል።

ወላሁ አዕለም።