የአናጢው ቤተ መንግሥት

የመቀሌው የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ቤተ መንግሥት ሲነሣ አስቀድሞ የሚወደሰው የማማዎቹ ግርማ ነው። ውዳሴው አላግባብ ባይሆንም የሕንፃውን ዋና ዋጋ ይስታል።

ከ1874 እስከ 1876 ዓ.ም. ግንባታውን የመራው ጣሊያናዊው ጃኮሞ ናሬቲ በሙያው አናጢ ነበር። የፒየሞንቴው ተወላጅ በንጉሠ ነገሥቱ ግቢ ለዓመታት ከማገልገሉም በላይ፣ ከዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ጀምሮ የሚታወቀውን የጀርመናዊውን የኤድዋርድ ዛንደርን ልጅ አግብቶ አገሩን ለምዷል። በሥራውም የዕፅዋት ሊቁ የቪልሄልም ሺምፐር ልጅ፣ እንግዳሸት፣ ረድቶታል።

የናሬቲ ሙያ በሕንፃው ላይ በግልጽ ይነበባል። ጥርሳም ጫፍ ያላቸው ማማዎች ምሽግ ይምሰሉ እንጂ ለጦርነት የታሰቡ አይደሉም፤ የጐንደርን ነገሥታት ግንቦች የሚያስታውሱ፣ ለዓይን የቆሙ ጌጦች ናቸው። ወደ አዳራሹ ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። ናሬቲ የሠራው ባለ ድባብ የእንጨት ዙፋን የሚያሳየው ልክ የሚያውቅ፣ ለእንጨቱ ጠባይ የሚጠነቀቅ እጅ ነው። ከውጭ የሚታየው የተዋሰው ቋንቋ ሲሆን ከውስጥ የሚታየው የራሱ ነው።

ግድግዳውስ? ድንጋይን እየመረጡ መደርደር፣ ከባድ የአፈር ጣራን በእንጨት መሸከም የትግራይ ገበሬ ህድሞውን ሲሠራ ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው ጥበብ ነው። ይህ ዕውቀት ባይኖር የአናጢው ንድፍ ወረቀት ላይ በቀረ ነበር። የግንበኞቹና የድንጋይ ጠራቢዎቹ ስም ግን ከናሬቲ ስም ጐን ሲነሣ አይሰማም።

መኳንንቱም ከውጭ የሚታየውን ወደዱ። ደጃዝማች አብርሃ አርአያ በዚያው ከተማ ከጉብታ ላይ ያሠሩት፣ ኋላ ሆቴል የሆነው ግንብ ዋና ሐሳቡ ከሩቅ መታየት ነው። ባላባቱ ለቤቱ መልክ ሲጨነቅ እንዲህ ያለ ደፋር፣ ጥቂትም የቲያትር መድረክ የሚመስል ሕንፃ ይወለዳል። ውበት የለውም ማለት ስሕተት ነው፤ ከቤተ መንግሥቱ አዳራሽ ጋር ሲነጻጸር ግን የሚጐድለው ያ የአናጢ ትዕግሥት ነው።

ነገሩ የሂስ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቤተ መንግሥቱ ሙዚየም ከሆነ ወዲህ የሚጠገነው የትኛው ክፍል ነው የሚለው ጥያቄ፣ ሕንፃው የሚከበረው በምኑ ነው ከሚለው አይለይም። ከማማው ጫፍ የወደቀውን ድንጋይ የዛሬ ግንበኛ መልሶ ሊያኖረው ይችላል። የበሰበሰን የእንጨት መጋጠሚያ እንደ ቀድሞው ለመመለስ ግን አስቀድሞ ለክቶ፣ ሥሎ፣ አሠራሩን ለወጣት አናጢዎች ማስተማር ያስፈልጋል።